«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት

በዘመናችን ብዙ ሥራ የሚያስቀር አንድ አጭር ቃል አለ፤ ይኸውም «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው። ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ሲቆም ይህ ቃል ይነገረዋል። ተማሪ የታዘዘውን ሥራ በጊዜው ሳያስረክብ ሲቀር ለመምህሩ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ልጅም ለእናቱ ሳይደውል የሰነበተ እንደ ሆነ ምክንያቱ ከዚህ አያልፍም። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ እውነት መሆኑን ማንም አይክድም፤ መስመር የሚቋረጥበት ጊዜ አለና። ነገር ግን እውነት መሆኑ ሳይመረመር ስለሚነገር፥ የራሳችንን አለማወቅ የምንሸፍንበት ጋቢ ከሆነ ሰንብቷል።

እኔም በዚህ ረገድ ከማንም የማልሻል መሆኔን የተረዳሁት በሱሉልታ፥ በአንዲት ጎረቤታችን ቤት ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር አማካይነት በኢንተርኔት የሚደረገው ንግግር እንዴት እንደሚሰናዳ፥ እንከን ሲያጋጥምም እንዴት እንደሚመረመር፥ የደረሰብኝን መነሻ አድርጌ በዛሬው እሑድ ለወጣት አንባቢዎቼ ላወጋ አሰብሁ።

የተዘጋው መስኮት

እኒህ ጎረቤታችን ላም አልበው ወተት ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፥ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። አንዲቱ ልጃቸው ከአገር ወጥታ በሰው ቤት ሠርታ ትኖራለች። ስትሄድ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝታ ትታላቸው ስለ ነበር፥ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሠፈር ልጅ እየከፈተላቸው ስካይፕ በሚባለው ፕሮግራም ፊት ለፊት እየተያዩ ሲነጋገሩ ኖረዋል። የእጅ ስልክ ባይቸግራቸውም ዓይናቸው ስለ ደከመ፥ «በስልኩ ላይ ሳያት እንደ ዶቃ ታንስብኛለች» ይላሉ። ልጅቱም ዕረፍት የምታገኘው እሑድ ብቻ ነው።

ስካይፕ በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ወደ 22 ዓመት ገደማ ዓለምን ሲያነጋግር ከኖረ በኋላ፥ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘጋው። እኛ የአርበኞችን ድል በምናከብርበት ዕለት ማለት ነው። እናቲቱም በሚቀጥለው እሑድ አስጠሩኝና፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ መስኮቴ ተዘጋብኝ፥ ክፈትልኝ» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ ሰው እንዲህ ሲባል ደረቱ እንደሚነፋ አንባቢዬ ያውቀዋል።

ሌላ ፕሮግራም ከቤቴ አውርጄ በፍላሽ ይዤ ሄድሁ። ኮምፒዩተሩ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን የሚረሳ አሮጌ ስለ ነበረ ቀኑን ሞላሁለት፤ ፕሮግራሙን ጫንሁ፤ እንዲገናኝ አዘዝሁት። አልገናኝ አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ፊቴ ላይ ብቅ አለ፤ ሳላነብ ዘጋሁት። ደግሞ ወጣ፤ ደግሜ ዘጋሁት። በመጨረሻም፥ «እማማ፥ ዛሬ ኔትወርክ የለም» ብዬ ሄድሁ። በሁለተኛው እሑድ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እሑድ ያንኑ ቃል ልደግም ስል እናቲቱ አቋረጡኝና፥ «ልጄ፥ ይኼ ኔትወርክ የምትለው እኔ ቤት ብቻ ነው እንዴ የማይገባው? የጎረቤት ልጆች ከአጥሩ ወዲያ በስልካቸው ሲሳሳቁ እሰማለሁ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፊደል ያልቆጠሩት እናት እኔ ልጠይቀው የሚገባኝን የመጀመሪያ ጥያቄ ጠየቁኝ። የሆነውን ከመናገሬ በፊት ግን ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ቃል ከሱሉልታ ሜዳ ወደ ሰማይ

ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው፥ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የምትገኘው ሱሉልታ፥ በብርዷና በወተቷ፥ ኋላም በሜዳዋ ላይ በሚሮጡት አትሌቶች ትታወቃለች። በአገራችን የስልክ ታሪክም የራሷ ስፍራ ያላት መሆኑን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በ1880ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ቃል የሚጓዘው በሽቦ ነበረ። በአዲስ አበባና በሐረር መካከል የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሥራው በአንድ መሥሪያ ቤት ተጠቃለለ። በ1970ዎቹም በሱሉልታ የሳተላይት የምድር ጣቢያ ተተከለ። ሰፌድ የመሰለው ታላቅ አንቴና ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኝ ሳተላይት ጋር ቃል መለዋወጥ ጀመረ።

የሬዲዮ ሞገድ በሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝም፥ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰኮንድ ይፈጅበታል፤ የመልሱ ጉዞ ሲጨመርበት ግማሽ ሰኮንድ ይሆናል። በዚያ ዘመን በሳተላይት ወደ ውጭ አገር የደወለ ሰው «ሃሎ» ብሎ ጥቂት ዝም ማለትን የለመደው ስለዚህ ነው። ዛሬ የውጭ አገር ግንኙነታችን በአብዛኛው የሚያልፈው በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር በሚወርድ የመስተዋት ክር ስለ ሆነ፥ ያ መዘግየት እጅግ ቀንሷል።

ኢንተርኔት በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በእርሱ ቃል ለቃል መነጋገር ግን ለብዙ ዘመን የተፈቀደ አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ ግንኙነት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን በእስራትና በመቀጮ የሚያስቀጣ ሆነ። በዚያው ዓመት «በኢትዮጵያ ስካይፕ ተከለከለ» የሚል ወሬ በዓለም ጋዜጦች ተሠራጭቶ፥ ባለሥልጣኖች ነገሩ በግሉ የሚነጋገረውን ሰው እንደማይመለከት አስረድተው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ የቀድሞውን የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ሻረ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ቀጥሎ ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ተማሪ እንደ ቀላል ነገር የሚያየው ንግግር፥ ታላላቆቹ በኢንተርኔት ካፌ ጥግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያደርጉት የነበረ ነው።

ድምፅ ተቆርሶ ስለሚጓዝበት መንገድ

ማይክሮፎን ድምፃችንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኮምፒዩተሩም ያንን እየለካ ቁጥር ያደርገዋል። በተለመደው የስልክ አሠራር ይህ ልኬት በሰኮንድ 8,000 ጊዜ ይደረጋል። ከዚያም ቁጥሩ የሰኮንድ 50ኛ እጅ በሚሆን ጊዜ እየተቆረሰ በትንንሽ ጥቅል ይታሰርና እያንዳንዱ ጥቅል የሚሄድበት አድራሻ ተጽፎበት ይላካል። እንግዲህ በአንድ ሰኮንድ ንግግር 50 ያህል ጥቅሎች ይጓዛሉ ማለት ነው።

ይህንን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ደብዳቤውን 50 ቦታ ቆርጦ ለ50 መልእክተኞች ቢሰጥ፥ መልእክተኞቹም በአንድ ቅጽበት ተነሥተው በልዩ ልዩ መንገድ ቢሄዱ፥ አንዱ ይቀድማል፥ አንዱ ይዘገያል፥ አንዱም መንገድ ላይ ይቀራል። ተቀባዩ ኮምፒዩተር ጥቂት ታግሦ ቁራጮቹን በተራ ይሰካል፤ እጅግ የዘገየውን ግን ይጥለዋል። ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ቢሆን የዘገየው እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ንግግር ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ነው ፎቶግራፍ በደኅና እየደረሰ ድምፅ የሚቆራረጥበት ጊዜ ያለው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንደሚመክረው፥ ንግግር ሳይሰናከል እንዲሄድ ድምፅ ካንዱ ወገን ወደ ሌላው በ150 ሚሊሰኮንድ ውስጥ ቢደርስ መልካም ነው።

ድምፅ ብቻ ከሆነ ሸክሙ ቀላል ነው። በቀድሞው የስልክ ልክ በሰኮንድ 64 ኪሎ ቢት፥ በደቂቃ 480 ኪሎ ባይት ያህል በያንዳንዱ አቅጣጫ ይፈልጋል፤ ይህም በሰዓት ከ30 ሜጋ ባይት ጥቂት ያነሰ ነው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከዚህም በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ምስል ሲጨመር ግን ሸክሙ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጥቅል ገዝቶ የሚጠቀም ሰው ይህንን ልዩነት ቢያውቅ ገንዘቡን ይቆጥባል።

ስለ ዝግጅቱ

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ካሜራና ማይክሮፎን አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ማይክሮፎን ያለበት የጆሮ ማዳመጫ መግዛት ይቀድማል። ገመዱ ሁለት ሹል ካለው አረንጓዴው ለመስሚያ፥ ሮዙ ለመናገሪያ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይም ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ቀዳዳዎች ይገኛሉ። በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ይህ ድካም የለበትም።

ፕሮግራሙ ቴሌግራም፥ ዋትስአፕ፥ ጉግል ሚት ወይም ቲምስ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ሁለቱም ወገኖች አንዱን መያዛቸው ነው። ፕሮግራሙን ከሠሪው ድርጅት ገጽ ማውረድ እንጂ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ መውሰድ ከቫይረስ ጋር መዋዋል ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ የስልክ ቁጥርን መሠረት ስለሚያደርጉ፥ ሲመዘገቡ በስልክ ላይ የሚደርሰውን የምስጢር ቁጥር ለማንም መስጠት አይገባም። የቅርብ ወዳጅ መስሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሌባ፥ ካገኘው በኋላ በባለቤቱ ስም ከዘመድ ሁሉ ገንዘብ ይለምንበታል። ይህን ለመከላከል በማስተካከያው ውስጥ ሁለተኛ የይለፍ ቃል መጨመር ይጠቅማል።

እንከን ሲያጋጥም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የኮምፒዩተር ንግግር በሽታ ሊገኝ የሚችለው በአራት ስፍራ ነው፦ በመናገሪያውና በመስሚያው፥ በኮምፒዩተሩ፥ በመንገዱ፥ ወይም በወዲያኛው ሰው ቤት። ተራውን ጠብቆ አንድ ባንድ መመርመር ያሻል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ ሁሉን በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው ምን እንደ ፈወሰው እንኳ አያውቅም።

እኛ እየሰማን ወዲያኛው ሰው የማይሰማን ከሆነ፥ መንገዱ ክፍት ነው፤ እንከኑ የሚያመዝነው ወደ መናገሪያችን ነው። ገመዱ በትክክለኛው ቀዳዳ መሰካቱን እናያለን። ቀጥለን በኮምፒዩተሩ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብተን ስንናገር የሚነሣና የሚወርድ መስመር መኖሩን እንመለከታለን። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ሌላ ማይክሮፎን ተመርጧል፥ ወይ ድምፁ ተዘግቷል። መስመሩ እየተንቀሳቀሰ ሰውየው ካልሰማን፥ ዊንዶውስ ለፕሮግራሙ ማይክሮፎን እንዲጠቀም ፈቃድ መስጠቱንና በፕሮግራሙም ውስጥ ያው ማይክሮፎን መመረጡን ማየት ነው። እርሱ እየሰማን እኛ የማንሰማው ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ምርመራ በመስሚያው ላይ እናደርጋለን።

የራሳችን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመለሰ የሚያስቸግረን ከሆነ፥ ብዙ ሰው የራሱን ኮምፒዩተር ይነካካል። እንከኑ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በወዲያኛው ቤት ነው፤ ድምፃችን ከእርሱ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ ወደ እርሱ ማይክሮፎን ይገባና ይመለስልናል። ሰውየው የጆሮ ማዳመጫ ቢያደርግ ወዲያው ይጠፋል።

ድምፅ የሚቆራረጥ ከሆነ ጥቅሎቹ መንገድ ላይ እየቀሩ ነው። ያን ጊዜ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መነጋገር፥ በጀርባ የሚወርድ ፊልም ወይም የዊንዶውስ ማሻሻያ ካለ ማስቆም፥ ወደ ዋይፋዩ መቅረብ ወይም በገመድ መያያዝ ይረዳል። በእጅ ስልክ በኩል የሚገናኝ ሰው ስልኩን ከወፍራም ግድግዳ አርቆ ወደ መስኮት ቢያስጠጋው ይሻላል።

ጭራሽ አልገናኝ ያለ እንደ ሆነ፥ «ኔትወርክ የለም» ከማለት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። በዚሁ መስመር ሌላ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ይሠራልን? በዚሁ ኮምፒዩተር ሌላ ገጽ ይከፈታልን? ኮምፒዩተሩ የጻፈልን ማስታወቂያ ምን ይላል? የመጀመሪያውን የጠየቁት እኒያ እናት ናቸው። የመጨረሻውን ሦስት እሑድ ሙሉ ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ጥፋተኛው ተገኘ

እናቲቱ ያን ጥያቄ ከጠየቁኝ በኋላ የእጅ ስልኬን አውጥቼ ኮምፒዩተሩ በሚጠቀምበት በዚያው መስመር ሞከርሁ፤ ያለ ችግር ሠራ። እንግዲህ አውታሩ ከደሙ ንጹሕ ነበር። ያን ጊዜ ስንት ጊዜ የዘጋሁትን ማስታወቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁት። «የኮምፒዩተርህ ሰዓት ትክክል አይደለም» ይላል። ቀኑን ሳይ ዓመቱ 2017 ነው። የጻፍሁት በገዛ እጄ፥ እኛ በምንቆጥረው ዓመተ ምሕረት ነበረ! በኮምፒዩተሩ አቈጣጠር ዓመቱ 2025 መሆን ሲገባው፥ ምስኪኑን ዕቃ 8 ዓመት ወደ ኋላ መልሼው፥ አልገናኝ ሲል ደግሞ ጥፋቱን በአውታሩ ላይ አላከክሁ።

ቀን ከንግግር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ኮምፒዩተራችን ከሩቅ ካለው ኮምፒዩተር ጋር ከመነጋገሩ በፊት፥ አታላይ አለመሆኑን ለማወቅ መታወቂያ ይጠይቀዋል። በመታወቂያው ላይ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ሁሉ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። በ2025 የተሰጠ መታወቂያ በ2017 እኖራለሁ ብሎ ለሚያምን ኮምፒዩተር ገና ያልተወለደ ሰው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ አይቀበለውም። ይህ ጥንቃቄ ከሌባ የሚጠብቀን በመሆኑ ማስታወቂያውን አልፎ መግባት ሳይሆን ቀኑን ማረም ነው የሚገባው።

ቀኑ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ይሞላል። ሰዓቱም ከእኛ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፥ የእኛ ጧት 2 ሰዓት ለኮምፒዩተሩ 8 ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ በዝርዝሩ ውስጥ ናይሮቢ ተብሎ የተጻፈው፥ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው ነው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲያርም ማዘዝም ይቻላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ኮምፒዩተር ደግሞ ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞታለችና መለወጥ አለባት።

ይህንን ሁሉ ለማረም ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጥሪው ጮኸ፤ ልጅቱ ብቅ አለች። እናቲቱ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ትክ ብለው አዩዋትና፥ «ፊትሽ ምን ነው? ታመሽ ነበር እንዴ?» አሏት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ከዚያም አለቀሰች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በእጅ ስልክ እየደወለች «ደኅና ነኝ» ስትል የሰነበተችው፥ አልጋ ላይ ሆና ነበር። ድምፅ መደበቅ ይችላል፤ ለእናት ዓይን ግን ፊት አይደበቅም። እኔም ከበስተኋላቸው ቆሜ፥ ሳላነብ የዘጋሁት አንድ መስመር ጽሑፍ ምን ከልሎ እንደ ነበር ተረዳሁ።

በማግሥቱ የምርመራውን ተራ በአማርኛ በትልልቁ ጽፌ ለሠፈሩ ልጅ አስጠናሁት፤ ወረቀቱንም ከኮምፒዩተሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው «ማስታወቂያውን አንብብ» የሚለው ነው። እናቲቱ ማንበብ ባይችሉም በየእሑዱ ልጁ ወንበር ሲስብ ወረቀቱን በጣታቸው እያሳዩ፥ «መጀመሪያ ይኼን» ይሉታል።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ ይህ ነገር በአንዲት እናት ቤት የሚቀር አይደለም። ነገ በመስኮታችሁ ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ ለትራንስፖርት ተበድሮ፥ ከሥራው ቀርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። መስመሩ በእርግጥ ከተቋረጠ መቋረጡን ንገሩት፤ መቼ ቢመለስ እንደሚሻልም ጨምሩለት። ነገር ግን «ኔትወርክ የለም» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ገመዱን እዩ፤ ከጎናችሁ ያለውን ኮምፒዩተር ሞክሩ፤ ቀኑን ተመልከቱ፤ ፊታችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ሁለቱን ደቂቃ ስለ ሰሰትሁ፥ አንዲት እናት የልጃቸውን ሕመም ሦስት እሑድ ሙሉ ሳያውቁ ቀርተዋል።